ዝንጅብልን በስኳር ሽሮፕ ማቆየት፦ ለምን ጠነከረ? ለምንስ ተብላላ?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂዋ ግማሽ ኪሎ የተላጠ ትኩስ ዝንጅብል ቆራርጠው ለ20 ደቂቃ ከቀቀሉ በኋላ፣ ከ500 ግራም ስኳርና ከ500 ግራም ውሃ የተዘጋጀ ትኩስ ሽሮፕ አፍስሰውበት፣ በጠርሙስ ከድነው ከማቀዝቀዣ ውጭ አስቀመጡት። በሦስተኛው ሳምንት ሽሮፑ ደፈረሰ፤ ክዳኑ ሲከፈት ጋዝ ወጣ፣ አረፋም ታየ። ዝንጅብሉ ደግሞ ተጨማድዶ ሲታኘክ ቃጫ ቃጫ የሚል ሆነ። ስኳር ምግብን ከመበላሸት ይጠብቃል ከተባለ ይህ ለምን ሆነ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውስ እንደገና ተፈልቶ ይበላል ወይ፣ ለወደፊቱስ ለስላሳና ለወራት የሚቆይ ዝንጅብል እንዴት ይሠራል ሲሉ ይጠይቃሉ።

አስቸኳዩን ላስቀድም። በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ይጣሉት፤ አይቅመሱት፣ እንደገና አፍልተው ለማዳንም አይሞክሩ። አረፋውና ጋዙ የእርሾ ሥራ ይመስላል፣ ጉዳዩ የእርሾ ብቻ ቢሆን ኖሮም ጥፋቱ ከጣዕም መበላሸት ብዙ ባላለፈ ነበር። ነገር ግን ዝንጅብል በአፈር ውስጥ የሚያድግ፣ አሲድነቱም አነስተኛ የሆነ ተክል ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 እስከ 6 ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። ቦቱሊዝም የተባለውን ብርቱ የምግብ መመረዝ የሚያስከትለው ባክቴሪያ ስፖሮቹ፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ለብሰው የሚያንቀላፉት መልኮቹ፣ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ሲሆን፣ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለረጅም ጊዜ ቢፈሉ እንኳ ሊተርፉ ይችላሉ። የተረፉትም ፒኤቹ ከ4.6 በላይ በሆነ፣ አየር በማይደርሰውና ስኳሩ በሳሳ ምግብ ውስጥ በክፍል ሙቀት ሲቀመጡ ነቅተው መርዝ ማመንጨት ይችላሉ። መርዙ በማሽተትም ሆነ በመቅመስ አይታወቅም። የእርስዎ ጠርሙስ እነዚህን ሁኔታዎች ሁሉ አሟልቶ ሦስት ሳምንት ስለቆየ፣ ለግማሽ ኪሎ ዝንጅብል ሲባል የሚወሰድ ዕድል አይደለም።

ስኳር ምግብን ይጠብቃል መባሉ እውነት ነው፤ የሚጠብቀው ግን በድስቱ ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ተቆጥሮ ከበቂ በላይ ስኳር ሲኖር ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ዝንጅብሉ ራሱ ይዞት የሚመጣውን ውሃ ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራው። ከ100 ግራም ትኩስ ዝንጅብል ውስጥ 80 ግራም ያህሉ ውሃ ስለሆነ፣ ግማሽ ኪሎ ዝንጅብል 400 ግራም ውሃ ይዞ ይገባል። ያዘጋጁት ሽሮፕ ሲፈስ 50 በመቶ ስኳር ነበረው። በቀጣዮቹ ቀናት ግን ስኳሩ ወደ ቁራጮቹ ሲሰርግ የቁራጮቹ ውሃ ወደ ሽሮፑ ይወጣል፤ በመጨረሻም 500 ግራም ስኳር በ900 ግራም ውሃ ላይ ይከፋፈላል። 500ን ለ1,400 ሲያካፍሉት 36 በመቶ ገደማ ይመጣል። ይህ ውፍረት እርሾን ይመግበው እንደሆነ እንጂ አይከለክለውም። በሽሮፑ ዝግጅት ላይ የሠሩት ጥፋት የለም፤ ጎደሎው ያለው ከዝንጅብሉ ጋር ከተገናኘ በኋላ ሽሮፑ ምን እንደሚሆን ባለመታሰቡ ላይ ነው።

ታዲያ ስንት በመቶ ይበቃል? ረቂቅ ሕዋሳት ለመራባት የሚያስፈልጋቸው በስኳርም ሆነ በጨው ያልተያዘ ነፃ ውሃ ነው። ይህ ነፃነት የሚለካው ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ ሲሆን፣ የንጹሕ ውሃ ልክ 1 ነው። ቦቱሊዝም አምጪው ባክቴሪያ ከ0.93 በታች ሲወርድ አያድግም፤ አብዛኞቹ ሌሎች ባክቴሪያዎችም 0.91 አካባቢ ይቆማሉ። በክፍል ሙቀት ስኳር እስከማይቀበል ድረስ የጠገበ ሽሮፕ፣ ማለትም በክብደት 67 በመቶ ያህል ስኳር ያለው፣ ልኩ 0.85 ገደማ ነው። ስለዚህ ከ65 እስከ 70 በመቶ የደረሰ ሽሮፕ ባክቴሪያን በሚገባ ይገታል። ሻጋታ ግን እስከ 0.80 ድረስ ሊያድግ ይችላል፣ ስኳር የለመዱ የእርሾ ዓይነቶችም ከዚያ እጅግ ዝቅ ባለ ልክ ይኖራሉ። በመሆኑም ወፍራም ሽሮፕ ከከባዱ አደጋ ይጠብቃል እንጂ ከማንኛውም ብልሽት አይጠብቅም፤ ቀሪውን ሥራ የሚሠሩት የጠርሙሱ ንጽሕና፣ ትኩስ እያለ መሞላቱና ከተከፈተ በኋላ በማቀዝቀዣ መቀመጡ ናቸው።

አሁን ወደ ጥንካሬው እንሻገር፤ ይህ ሁለት የተለያዩ መነሻዎች አሉት። አንደኛው የመቀቀያ ጊዜው ማነስ ነው። ዝንጅብል በደንብ ሳይበስል ስኳር ካገኘው፣ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ቢንተከተክም አይለሰልስም፤ ስኳር የተክሉን ግድግዳ የሚያላላውን ውሃ ይሻማዋል። አሲድም እንዲሁ የሕዋሳቱን ማያያዣ ስለሚያጠነክር ሎሚ በመቀቀያው ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም። ሁለተኛው መነሻ የሽሮፑ በአንድ ጊዜ መወፈር ነው። ውሃ ከቁራጩ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ስኳር ወደ ቁራጩ ለመግባት ከሚፈጅበት ያነሰ ነው። ሽሮፑ ገና ከመነሻው ወፍራም ከሆነ ውሃው ተመጥጦ ሲያልቅ ስኳሩ ገና በር ላይ ነው፤ ቁራጩም ይጨማደዳል፣ የተጨማደደውም መልሶ አይሞላም። ሽሮፑን ደረጃ በደረጃ ማወፈር ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ ጊዜ የሚፈጅ ቢሆንም በዚህ ሥራ ላይ አቋራጭ አላውቅም።

ዝንጅብሉን ሲመርጡ ቅርፊቱ ስስና የሚያበራ፣ ሲሰበር ቃጫ የማይተው፣ ለጋ የሆነውን ይፈልጉ፤ የለጋው ቅርፊት በጥፍር ሲጫኑት ይላጣል። ለጋ ካልተገኘ የበሰለውም ይሆናል፣ ግን አቆራረጡ ሊስተካከል ይገባል። ቃጫዎቹ በዝንጅብሉ ርዝመት ስለሚሄዱ፣ ከርዝመቱ በተቃራኒ በ3 ወይም በ4 ሚሊሜትር ውፍረት ክብ ክብ አድርገው ቢቆርጡት በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ የሚቀረው ቃጫ ከ4 ሚሊሜትር አይበልጥም፣ አፍም አያስተውለውም። ለጋውን ግን እንደ ወደዱት አራት ማዕዘን አድርገው መቁረጥ ይቻላል። ቅርፊቱን በቢላ ከመላጥ በሻይ ማንኪያ ጠርዝ መፋቅ ይሻላል፤ ማንኪያው በጉብታዎቹ መሀል ይገባል፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ሽታ የበዛበትን ክፍልም አያባክንም። ክብደቱን የሚመዝኑት ከተላጠ በኋላ ነው። የበሰለ ዝንጅብል ከሆነ ተቆርጦ አንድ ሌሊት በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ቢያድር፣ በውስጡ የሚሠራው በረዶ ሕዋሳቱን ስለሚሰነጥቅ ኋላ ቶሎ ይለሰልሳል።

መቀቀያው የማይዝግ ብረት ድስት ይሁን፤ ሎሚ ኋላ ስለሚገባበት አሉሚኒየምና ተራ ብረት አይመከሩም። ቁራጮቹን በብዙ ውሃ ሸፍነው ያፍሉ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ውሃውን ያጥልሉና በአዲስ ውሃ ይቀጥሉ። ይህ የማቃጠሉን ኃይል በመጠኑ ያበርደዋል፤ ማቃጠሉን የሚወዱ ሰዎች ውሃውን መቀየር አያስፈልጋቸውም፣ የተጠለለውም ውሃ የሚጠጣ ስለሆነ አይድፉት። ለጋው ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ የበሰለው ደግሞ እስከ ሁለት ሰዓት ሊፈልግ ይችላል። ሰዓቱን ሳይሆን ቁራጩን ይመኑ፤ ቀጭን መርፌ ያለ ግፊት ወደ መሀሉ ከገባና ቁራጩ በሁለት ጣት መሀል ሲጫኑት ከተሰነጠቀ ደርሷል። ቶሎ እንዲለሰልስ ሶዳ የሚጨምሩ አሉ፤ ሶዳው የዝንጅብሉን ጥቂት አሲድ ስለሚያጠፋና ውጩን አላሽቆ ውስጡን እንዳለ ስለሚተወው አልደግፈውም።

ስኳሩን ከመጀመርዎ በፊት ባዶውን ድስት ይመዝኑና ቁጥሩን ይጻፉ፤ ጠቀሜታው በመጨረሻው ቀን ይታያል። ለ500 ግራም የተላጠ ዝንጅብል የሚያስፈልገው በድምሩ 900 ግራም ስኳር ነው። በመጀመሪያው ቀን 350 ግራሙን ስኳር በ500 ግራም ውሃ አሟሙተው፣ የተጠለለውን ዝንጅብል ጨምረው፣ በዝግታ እየተንተከተከ ለ15 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያም አውርደው ይክደኑት፤ ሙቀቱ ሲበርድ ከነድስቱ ወደ ማቀዝቀዣ አስገብተው ያሳድሩት። ውጭ ማሳደር ስኳሩን ቶሎ ያሰርገዋል፣ ነገር ግን ሽሮፑ በዚህ ደረጃ ገና ስስ ስለሆነ ፍጥነቱን ትቼ ማቀዝቀዣውን እመርጣለሁ። በማግሥቱ 250 ግራም ስኳር ጨምረው እንደዚያው ለ15 ደቂቃ ያንተክትኩትና ያሳድሩት፤ በሦስተኛው ቀን ቀሪውን 300 ግራም ጨምረው ይድገሙት። በየቀኑ ቁራጮቹን ሲመለከቱ ከመጀመሪያው ነጭ ገጽታቸው ወጥተው ከዳር ወደ መሀል ብርሃን እያሳለፉ ይሄዳሉ፤ በሦስተኛው ቀን አንዱን በሹካ አንሥተው ወደ መስኮት ቢያዞሩት፣ ስኳሩ ያልደረሰበት ክፍል በመሀሉ እንደ ደመና ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጩ ሰፊ ከሆነ አንድ ሌሊት ይጨምሩለት።

በመጨረሻው ቀን 30 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ጨምረው ክዳኑን ሳይገጥሙ በዝቅተኛ እሳት ያንተክትኩት። አሁን የሚጠበቀው ትርፍ ውሃው በእንፋሎት እንዲወጣ ነው። መቆሚያውን የሚነግርዎ ሚዛኑ ነው። 900 ግራም ስኳር በሽሮፑና በቁራጮቹ ላይ ተከፋፍሎ 68 በመቶ እንዲሆን፣ አብሮት የሚቀረው ውሃ 420 ግራም ገደማ መሆን አለበት፤ የዝንጅብሉ የራሱ ደረቅ አካል ከ100 ግራም ትንሽ ያንሳል። ሲደመር ባዶው ድስት ሲቀነስ የይዘቱ ክብደት 1,400 ግራም ያህል ሲደርስ ከእሳት ይወርዳል። ትኩስ ድስት ሚዛን እንዳያበላሽ በሚዛኑ ላይ መጀመሪያ የእንጨት መክተፊያ አስቀምጠው ንባቡን ወደ ዜሮ ይመልሱት፣ ከዚያ ድስቱን ያሳርፉበት። ከ1,400 በላይ ከሆነ መልሰው ይጣዱት፤ አልፎ ወርዶ ከሆነም የጎደለውን ያህል የፈላ ውሃ መመለስ ይቻላል። ቁራጮቹ እንዳይፈረካከሱ በማማሰያ ከማማሰል ይልቅ ድስቱን ይዘው ወዝወዝ ያድርጉት።

ቴርሞሜትር ያላቸው ሰዎች ሽሮፑ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ያውርዱ የሚል መመሪያ ያጋጥማቸዋል። ቁጥሩ ትክክል የሚሆነው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ብቻ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ የውሃ መፍያ ነጥብ ወደ 1 ዲግሪ ስለሚወርድ፣ በ2,400 ሜትር ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እዚያ 105 ዲግሪ የሚጠብቅ ሰው ሽሮፑን ከ80 በመቶ በላይ ያደርሰዋል፣ ሲበርድም ከሽሮፕ ይልቅ ከረሜላ ያገኛል። ስለዚህ በዚያው ቴርሞሜትር መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ሲፈላ ስንት እንደሚያነብ ያረጋግጡና፣ ከዚያ ላይ ወደ 5 ዲግሪ ሲጨምር ይቁሙ። ሚዛኑም ቴርሞሜትሩም ሲስማሙ ልብ ይረጋል፤ ሲለያዩ እኔ የማምነው ሚዛኑን ነው።

የሎሚው ነገር ለጣዕም ብቻ እንዳይመስልዎ። 68 በመቶ ስኳር በክፍል ሙቀት ከሚሟሟው ልክ በትንሹ ያልፋል፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ስለዚህ ተራ ስኳር ብቻ ከሆነ ከጊዜ በኋላ በጠርሙሱ ሥር ቅንጣት ይሠራል። አሲድና ሙቀት ሲገናኙ ሱክሮስ የተባለውን የተለመደውን ስኳር በከፊል ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይከፍሉታል፣ የሦስቱ ድብልቅም በቀላሉ ቅንጣት አይሠራም። ለዚህ ሎሚው ከገባ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መንተክተክ ይኖርበታል፤ ሽሮፑ ከዚያ በፊት ክብደቱ ላይ የሚደርስ ከመሰለዎ ጥቂት የፈላ ውሃ ጨምረው ጊዜውን ያራዝሙ። ያም ሆኖ ቅንጣት ከታየ ብልሽት አይደለም፤ ጠርሙሱን ክዳኑን አላልተው በሙቅ ውሃ ውስጥ ቢያቆሙት መልሶ ይሟሟል።

1,400 ግራሙ ግማሽ ግማሽ ሊትር በሚይዙ ሁለት ጠርሙሶች ይገባል፤ የሚተርፍ ጥቂት ካለ በትንሽ ዕቃ ያስቀምጡትና አስቀድመው ይብሉት። ጠርሙሶቹ ለ10 ደቂቃ በፈላ ውሃ ውስጥ ይቆዩ፤ ከ300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለ በየ300 ሜትሩ አንድ ደቂቃ ይጨመር። ዝንጅብሉ እየተንተከተከ ካለበት ድስት በቀጥታ ወደ ትኩሱ ጠርሙስ ይግባ፣ ሽሮፑም ቁራጮቹን በሙሉ ይሸፍን፤ ከላይ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይተዉና ወዲያው ይክደኑ። ሽሮፑ ለብ ካለ በኋላ የተከደነ ጠርሙስ በክዳኑ ሥር ጠብታ ይሠራል፤ ጠብታው በሽሮፑ ገጽ ላይ ሲወድቅ ከላይ ያለችውን ስስ ሽፋን ያቀጥናታል፣ ሻጋታም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዚያች ሽፋን ነው። እርጥብ ማንኪያ ማስገባትም እንዲሁ ነው። በሚዛን ተረጋግጦ በትኩሱ የተከደነ ጠርሙስ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ለወራት ይቆያል፤ ከተከፈተ በኋላ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ። ክብደቱ ያልተረጋገጠ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቦታው ማቀዝቀዣ ነው። ሻጋታ የታየበት ጠርሙስ ከላይ ተጠርጎ አይበላም፣ ሙሉውን ይጣላል።

ይህን ያህል ጣፋጭ የማይፈልጉ ሰዎች ሽሮፑን አሳስተው መሥራት ይችላሉ፤ ነገር ግን ያ ምግብ በሽሮፕ የበሰለ ዝንጅብል ነው እንጂ የተጠበቀ ዝንጅብል አይደለም። በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበላ፣ ወይም በበረዶ ክፍል ይግባ። ማር ለመጠቀም የሚያስቡ ከሆነ፣ ማር ራሱ ከ17 እስከ 20 በመቶ ውሃ እንዳለው በስሌቱ ያስገቡ፤ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናትም ማር የገባበት ነገር አይሰጥም። ቡናማ ስኳር ጣዕሙ መልካም ነው፣ ሆኖም የሽሮፑን መደፍረስ ስለሚሸሽግ ለመጀመሪያ ሙከራ ነጩን እመክራለሁ።

ከተጠናቀቀ በኋላ ማቃጠሉ ከትኩሱ የተለየ ሆኖ ቢያገኙት ሥራዎ አልተበላሸም። የትኩስ ዝንጅብል ማቃጠል በዋናነት ጂንጀሮል ከተባለ ውህድ ይመጣል። በረጅሙ ሲበስል ከፊሉ ይበልጥ የሚያቃጥለውን ሾጋኦልን፣ ከፊሉም ለስለስ ያለና ጣፋጭ ሽታ ያለውን ዚንጀሮንን ይሰጣል፤ ከፊሉ ደግሞ ከመቀቀያው ውሃ ጋር ይሄዳል።

ዝንጅብሉ ሲያልቅ በጠርሙሱ የሚተርፈውን ሽሮፕ ለሚቀጥለው ዝግጅት ለማዋል ካሰቡ በመጀመሪያው ቀን አይጨምሩት፣ ወፍራም ስለሆነ ቁራጮቹን ያጨማድዳል። በሦስተኛው ቀን ከስኳሩ ጋር ያስገቡትና ከያንዳንዱ 100 ግራም ሽሮፕ 68 ግራሙን እንደ ስኳር ቆጥረው ከ300 ግራሙ ላይ ይቀንሱለት፤ የመጨረሻው ክብደት ያው 1,400 ግራም ሆኖ ይቀራል። ማንኪያ ሲገባበት የከረመ ሽሮፕ ከሆነ ግን ከማስገባትዎ በፊት ለብቻው አፍልተው ያጥልሉት።